የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ጋ መቼ ነው የሚኬደው? ወረፋውስ ለምን አያልቅም?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካሳንችስ ሲፈርሱ ሲገነቡ ከርመዋል። አቧራው ደግሞ የራሱን ወሬ ይዞ መጣ። ታክሲ ውስጥም፣ ቢሮም፣ ካፌም "ሳይነሴ ተነሳብኝ" የማይል ሰው የለም። ስልካችሁን ስትከፍቱ "ሳይነስን ከሥሩ የሚነቅል" የሚል ቪዲዮ ይመጣል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫ ውስጥ ክተቱ ይላል፣ ሌላው የማይታወቅ ጠብታ ይሸጣል።

ከቪዲዮዎቹ ሥር ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይደጋገማል። አንደኛው ወገን "ስፔሻሊስት ጋ ይህን ሁሉ ከፍዬ ገብቼ አምስት ደቂቃ አይቶኝ ስፕሬይ ብቻ አዘዘልኝ" ይላል። ሌላኛው ደግሞ "ልጄ ጆሮ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ተብሎ ቀጠሮው ወራት ርቆብኛል" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቅሬታዎቹ የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፦ ስፔሻሊስቱ የማያስፈልጋቸው ሰዎች ቶሎ ይሄዱበታል፣ በጣም የሚያስፈልጋቸው ግን ዘግይተው ይደርሱበታል። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ሐኪሙ ምን እንደሚያውቅ፣ እውቀቱንስ እንዴት እንዳገኘው ማየት ያስፈልጋል።

በሳይነስ እንጀምር

ሳይነስ ሁላችንም አለን። በአፍንጫ ዙሪያ፣ በፊት አጥንት ውስጥ ያሉ አየር የያዙ ክፍተቶች ናቸው። አራት ጥንድ ናቸው፦ ጉንጭ ውስጥ፣ ግንባር ውስጥ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ እና ከአፍንጫ ጀርባ ጠለቅ ብሎ። ፈሳሻቸውን በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ያወጣሉ። ቀዳዳው ሲያብጥና ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ይቆጣል። ሐኪሞች ሳይነሳይተስ የሚሉት ይህንን መቆጣት ነው።

አብዛኛው እንዲህ ያለ መቆጣት ጉንፋን ነው። የሚያመጣው ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። በሳምንት፣ ቢበዛ በአስር ቀን ራሱ ይሻላል። ባክቴሪያ ገብቶበታል ተብሎ የሚጠረጠረው ከአስር ቀን በላይ ምንም ሳይሻል ሲቆይ፣ ወይም ተሽሎ ከነበረ በኋላ እንደገና ሲብስ፣ ወይም ገና ከጅምሩ ከፍተኛ ትኩሳትና ከባድ የፊት ሕመም ሲኖር ነው። ንፍጡ አረንጓዴ ወይም ቢጫ መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሥር የሰደደ የሚባለው ደግሞ ከ12 ሳምንት በላይ ሲቆይ ነው። ያኔም ቢሆን በምልክት ብቻ አይደመደምም። በኢንዶስኮፕ ወይም በሲቲ ስካን መታየት አለበት። ኢንዶስኮፕ ማለት ጫፉ ላይ ብርሃን ያለው፣ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ማያ መሣሪያ ነው።

ታዲያ ዓመቱን ሙሉ "ሳይነስ አለብኝ" የሚለው ሰው ምን ሆኖ ነው? ብዙ ጊዜ አለርጂ ነው። የሚያሳክክ አፍንጫ፣ ተከታታይ ማስነጠስ፣ እንደ ውኃ የቀጠነ ንፍጥ፣ የሚያለቅስ ዓይን ካለ አለርጂ መሆኑ ነው የሚገመተው። አቧራና የመኪና ጭስ ያባብሱታል። የፒያሳው ቁፋሮ በሽታውን አዲስ ባይፈጥረውም የነበረውን ይቀሰቅሰዋል።

ራስ ምታቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ፣ "የሳይነስ ራስ ምታት አለብኝ" ብለው የሚያምኑ ወይም በሐኪም እንዲህ የተባሉ ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። 88 ከመቶዎቹ ላይ የተገኘው የማይግሬን ምልክት ነው። ማይግሬን ግንባርንና ጉንጭን ያማል፣ አፍንጫም ያፍናል፣ እንባም ያመጣል። ስለዚህ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ችግሩ መድኃኒቱ ፈጽሞ የተለየ መሆኑ ነው። ለማይግሬን አንቲባዮቲክ ደጋግሞ መዋጥ ራስ ምታቱንም አያድን፣ ባክቴሪያዎቹንም መድኃኒት ያለማምዳል።

ወደዚያ "ስፕሬይ ብቻ" ወደተባለው እንመለስ። ለአለርጂም ሆነ ለብዙ ሥር የሰደደ ሳይነሳይተስ የመጀመሪያው ሕክምና የስቴሮይድ (መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ስፕሬይና በጨው ውኃ አፍንጫን ማጠብ ነው። ስፕሬዩ በየቀኑ መወሰድ አለበት። ጥቅሙ በደንብ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እኛ ደግሞ ሁለት ቀን ወስደን "አልሠራልኝም" ብለን እንጥለዋለን። አነፋፉም ይሳታል፦ ወደ አፍንጫ መሃል ግድግዳ ከተነፋ ግድግዳውን ያደርቀዋል፣ ያደማዋል። ግራ አፍንጫን በቀኝ እጅ፣ ቀኝ አፍንጫን በግራ እጅ ይዞ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ መንፋት ነው ትክክሉ። አንገትን ወደ ኋላ መቀልበስ አያስፈልግም። ይህንን ለማሳየት አንድ ደቂቃ ይበቃል። ብዙ ቦታ ግን ማንም አያሳይም፣ እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝም ይሄው ነው።

ፋርማሲ ሄደን ያለ ማዘዣ የምንገዛው አፍንጫ ከፋች ጠብታ ሌላ ጉዳይ ነው። ወዲያው ይከፍታል፣ ለዚህም ይወደዳል። ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ ከተወሰደ ግን አፍንጫው ያለ ጠብታው መከፈት ያቅተዋል። ጠብታው ሲያልቅ እፈናው ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ሰውየው ሌላ ጠብታ ይገዛል። በዚህ ዙር ውስጥ ለዓመታት የሚቆዩ አሉ።

ቀዶ ጥገና የሚያስፈልጋቸውም አሉ። ፖሊፕ የሚባል፣ ከአፍንጫ ሽፋን የሚያድግ ለስላሳ እብጠት ያለባቸው፣ በሚገባ ታክመው ያልተሻላቸው፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን የተዛመተባቸው። ዛሬ ይህ ሥራ ፊትን ሳይከፍቱ በአፍንጫ ቀዳዳ በኢንዶስኮፕ ይሠራል። ዘዴው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኦስትሪያ ውስጥ የዳበረ፣ በ1980ዎቹ በዓለም የተስፋፋ ነው (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)።

ሙያው ምን ምን ያካትታል?

ስሙ ሦስት አካል ይጠራል፣ ሥራው ግን ከዚያ በላይ ነው። ጆሮ ሲባል መስማት ብቻ ሳይሆን ሚዛን መጠበቅም አለበት። አፍንጫ ሲባል ሳይነስና ማሽተት አለ። ጉሮሮ ሲባል ቶንሲል፣ ማንቁርት፣ የድምፅ አውታር፣ የመተንፈሻና የመዋጫ በር አለ። በዚህ ላይ የአንገት እብጠት፣ የምራቅ ዕጢ፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ይጨመራል። ስለዚህ የሙያው ሙሉ ስም "የራስና አንገት ቀዶ ጥገና" የሚለውንም ይይዛል። እንቅርትን እንደ ሆስፒታሉ አሠራር ጠቅላላ ቀዶ ሐኪሞችም ይሠሩታል፣ የራስና አንገት ቀዶ ሐኪሞችም ይሠሩታል። በዚህ ድንበር ላይ በብዙ አገር ክርክር አለ። ለታካሚው የሚበጀው ሐኪሙ ከየትኛው ክፍል ነው ከማለት ይልቅ ይህን ቀዶ ጥገና አዘውትሮ ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ሦስት አካላት በአንድ ሐኪም ሥር የገቡት በአጋጣሚ አይደለም። በውስጥ የተያያዙ ናቸው። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ። አውሮፕላን ሲወርድ ጆሯችን የሚደፈነው፣ ስንውጥ ደግሞ ጠቅ ብሎ የሚከፈተው በዚህ ቱቦ ነው። ሕፃናት ላይ ቱቦው አጭርና አግድም ስለሆነ የአፍንጫ ጉንፋን በቀላሉ ወደ ጆሮ ይሻገራል። ጆሮው ደጋግሞ የሚታመም ልጅ አፍንጫውም የሚታየው ለዚህ ነው። አዲኖይድ የሚባለው ከአፍንጫ ጀርባ ያለ ሥጋ ካደገ ልጁ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ያንኮራፋል፣ ጆሮውም ይደፈናል። እናት "ልጄ ትምህርት አይገባውም" ብላ ታመጣዋለች፣ ነገሩ ሲታይ ልጁ አስተማሪዋን አይሰማም።

ስፔሻሊስቱ ብቻውን የማይሠራው ነገርም አለ። መስማትን በመሣሪያ የሚለካውና የመስሚያ መሣሪያ የሚያስተካክለው ኦዲዮሎጂስት ነው። የንግግር ቴራፒስት ደግሞ ድምፅን፣ ንግግርንና አዋዋጥን ያሠለጥናል። እኛ አገር እነዚህ ሁለት ሙያዎች ከስፔሻሊስቱም ይልቅ ብርቅ ናቸው። ኋላ እንመለስበታለን።

ከአስር ዓመት በላይ የሚፈጅ መንገድ

መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም መሆን አለ። ኢንተርንሺፕን ጨምሮ ስድስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ የፈቃድ ፈተና፣ ከዚያ አብዛኛው ሰው የተወሰነ ጊዜ ያገለግላል፣ ብዙዎቹ ክልል ወጥተው። ቀጥሎ አገር አቀፍ የሬዚደንሲ ውድድር ነው። ሬዚደንሲ ማለት ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ ስፔሻሊቲ የሚማሩበት ጊዜ ነው። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ በተለምዶ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። አዲስ አበባ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጥቁር አንበሳና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ያሠለጥናሉ። ከዚያ በላይ መሄድ የፈለገ ንዑስ ስፔሻሊቲ አለው፦ ጆሮ ብቻ፣ አፍንጫና ሳይነስ ብቻ፣ ድምፅና ማንቁርት፣ ሕፃናት፣ የራስና አንገት ካንሰር።

ለምን ይህን ያህል ረዘመ? የሥራው ቦታ ጠባብና ጨለማ ስለሆነ ነው። መካከለኛው ጆሮ ውስጥ ካሉት ሦስት አጥንቶች ትንሿ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ጆሮውን በከበበው የራስ ቅል አጥንት ውስጥ ያልፋል። ሐኪሙ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት በማይክሮስኮፕ እያየ በመሰርሰሪያ ሲከፍት፣ አንድ ሚሊ ሜትር ቢስት የታካሚው ፊት በአንድ ወገን ሊጣመም ይችላል። ሳይነስም ያው ነው። በአንድ በኩል ዓይን አለ፣ ከላይ አንጎል አለ፣ መሃላቸው ያለው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ሬዚደንቱ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሞተ ሰው የጆሮ አጥንት ላይ መሰርሰር የሚለማመደው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን የመተንፈሻ ቱቦ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ሕፃን ልጅ ባቄላ ወይም ኦቾሎኒ ወደ ሳንባው ስቦ መጣ እንበል። ልጁ ሰመመን ይሰጠዋል። የሚተነፍስበት ቱቦ ግን ሐኪሙ መሣሪያውን የሚያስገባበት ያው ቱቦ ነው። ስለዚህ የሰመመን ባለሙያውና ሐኪሙ አንዱን መንገድ ይጋራሉ። ሐኪሙ ብረት ቱቦውን በድምፅ አውታሮቹ መሃል አሳልፎ፣ ፍሬውን በረጅም መቆንጠጫ ይይዛል። ፍሬው እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፣ ሲይዙት ይፈረፈራል። የኦክስጅኑ ቁጥር ሞኒተሩ ላይ ሲወርድ መሣሪያውን አቁሞ ልጁን ማስተንፈስ፣ ከዚያ እንደገና መሞከር ነው። አምስት ደቂቃ አይቶ ስፕሬይ የሚያዘውና ይህንን የሚሠራው አንድ ሰው ነው። አምስት ደቂቃው ውስጥም ያየው ነገር አለ፦ ፖሊፕ አለ ወይ? ዕጢ አለ ወይ? በአንድ ወገን ብቻ የሚደማ ነገር አለ ወይ? የለም ብሎ ስፕሬይ ብቻ ማዘዙም ውሳኔ ነው።

ጆሮ ሲፈስ፦ የመዘግየት ዋጋ

በኔ ግምት ሕዝባችን ከሁሉ በላይ የሚያቃልለው ሕመም የሚፈስ ጆሮ ነው። "ሲያድግ ይተወዋል" ይባላል። ጤና አዳም፣ የጡት ወተት፣ ዘይት ይጨመርበታል። ካልሆነ ከፋርማሲ ጠብታ ይገዛል።

ውስጡ የሚሆነው ይህ ነው። ጉንፋን ወደ መካከለኛው ጆሮ ይሻገራል፣ መግል ይጠራቀማል፣ ታምቡሩን ይቀደዋል። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ራሱ ይዘጋል። ካልተዘጋ ግን በየጉንፋኑና ውኃ በገባ ቁጥር ጆሮው ይፈሳል። ሥር ሰደደ የሚባለው ያኔ ነው።

ታካሚው ክፍል ገብቶ ሲቀመጥ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያደርገው ማጽዳት ነው። ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ ወይም በማይክሮስኮፕ እያየ፣ በቀጭን መሳቢያ መግሉን ይመጠዋል። መግሉ ሳይወጣ ታምቡሩ አይታይም። ታምቡሩ ካልታየ ደግሞ ሕክምናው ግምት ነው። ቀዳዳው መሃሉ ላይ ከሆነ ጆሮው በመድኃኒት ይደርቅና ኋላ ታምቡሩ ሊደፈን ይችላል። ቀዳዳው ጠርዙ ላይ ሆኖ ነጭ ቅርፊት መሰል ነገር ከታየ፣ ሽታውም ከከፋ ነገሩ ሌላ ነው። ኮሌስቴያቶማ ይባላል። ቆዳ በማይገባው ቦታ፣ መካከለኛው ጆሮ ውስጥ፣ እየተጠራቀመ አጥንት ይበላል። ካንሰር አይደለም። ግን ካልወጣ መስማትን ያጠፋል፣ ፊትን ያጣምማል፣ አልፎም ማጅራት ገትርና የአንጎል መግል ያመጣል። በጠብታ አይድንም፣ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው።

ፋርማሲው ላይ ያለው አደጋ እዚህ ጋ ነው። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ ጠብታዎች በተቀደደ ታምቡር አልፈው ውስጠኛው ጆሮ ሊደርሱ ይችላሉ። እዚያ ያሉትን የመስሚያ ሴሎች ይጎዳሉ፣ እነዚህ ሴሎች ደግሞ ከሞቱ አይተኩም። የተቀደደ ጆሮ ላይ ሐኪሞች እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለውን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ጠብታ ከመጨመሩ በፊትም ጆሮው በተጠቀለለ ንጹሕ ጥጥ ወይም ሶፍት በቀን ደጋግሞ መድረቅ አለበት፣ መግል ላይ የተጨመረ መድኃኒት የትም አይደርስም። ገላ ሲታጠቡም ሆነ ጠበል ሲጠመቁ ጥጥ በቫዝሊን ነክሮ ጆሮን መድፈን ነው።

ኩክን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ጆሮ ራሱን ያጸዳል። የጥጥ ዘንጉ ኩኩን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ክብሪት፣ የፀጉር ጌጥ፣ ቁልፍ ይባስ።

እንጥልና ቶንሲል

እንጥል ማስቆረጥ ዛሬም አልጠፋም፣ ከተማ ውስጥም አለ። ሕፃኑ ሲያስለው፣ ጡት አልጠባ ሲል፣ "እንጥሉ ወርዶ ነው" ተብሎ ይወሰዳል። እንጥል ጉሮሮን የምትዘጋ ትርፍ ሥጋ አይደለችም። ስንውጥ ምግብና ፈሳሽ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ የሚያግዝ አካል ናት። በባህላዊ መንገድ ስትቆረጥ ደም አለማቆም፣ ቴታነስ፣ በጋራ ምላጭ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ይመጣል። የልጁ ትክክለኛ ሕመም፣ ምናልባትም የሳንባ ምች፣ በዚህ መሃል ጊዜ ያገኛል። ቤተሰብ ይህን የሚያደርገው ለልጁ ከማሰብ ነው፣ ስለዚህ ስድብ አይጠቅምም። ልጁን በዚያው ቀን ማን አይቶ ደረቱን ያዳምጥለታል የሚለው ነው ጥያቄው።

ቶንሲል ደግሞ በሁለት ጫፍ ይወዛገባል። ግማሹ "በልጅነት ይውጣ" ይላል፣ ግማሹ "በፍጹም አይነካ" ይላል። ሐኪሞች በሰፊው የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፦ በአንድ ዓመት ሰባት ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ ሁለት ዓመት በየዓመቱ አምስት ጊዜ፣ ወይም ሦስት ዓመት በየዓመቱ ሦስት ጊዜ በትክክል የተመዘገበ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ካለ ማውጣት ይታሰባል። ከዚያ በታች መጠበቅ ይሻላል። ልጁ ተኝቶ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ቁጥር አይቆጠርም፣ ለዚያ ብቻ ሊወጣ ይችላል።

እዚህ አገር ላይ አንድ ነገር መጨመር አለበት። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም በሚገባ ካልታከመ ሩማቲክ የልብ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳ ነው። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው፣ ጤና ጣቢያ ይገኛል። ለዚህ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። በሦስተኛው ቀን "ተሻለኝ" ብሎ ማቋረጥ ግን መዘዝ አለው።

የማያዳግም ሰዓት

አንዳንድ ነገር ቀጠሮ አይጠብቅም። ጆሮ በአንድ ጊዜ፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መስማት ካቆመ "ኩክ ይሆናል" ብሎ መቀመጥ የለም። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው የተሻለ የሚሠራው። ክብ ትንሽ ባትሪ፣ የአሻንጉሊትና የሪሞት ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ከሁሉ የከፋ ነው። ምግብ መውረጃ ላይ ከተጣበቀ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቃጠል ይጀምራል። አፍንጫ ውስጥም በሰዓታት መሃሉን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። ልጅ ሳንቲም ውጧል ተብሎ ራጅ ሲነሳ ዙሪያው ድርብ ክብ ከመሰለ ባትሪ ነው ተብሎ ነው የሚሮጠው።

ጆሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ሽምብራ ከገባ ውኃ አይጨመርበትም፣ ያብጣል። ነፍሳት ጆሮ ውስጥ ከገባ ዘይት ጠብ አድርጎ መግደል ይቻላል፣ ታምቡሩ ያልተቀደደ ከሆነ።

ነስር አዲስ አበባ ላይ የተለመደ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ በበጋ አየሩ ይደርቃል። ራስን ወደ ኋላ ማንጋለል ደሙን ወደ ሆድና ወደ መተንፈሻ ይልከዋል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫን ለስላሳ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ መጨበጥ ነው። ካልቆመ ሆስፒታል።

ሌላው ድምፅ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ ከጎረነነ ማንቁርቱ መታየት አለበት። አስተማሪ፣ ዘማሪ፣ ቀኑን ሙሉ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" የሚል የታክሲ ረዳት ድምፁ ቢጎረንን ብዙ ጊዜ ከድካም ነው፣ ሆኖም ሳይታይ አይታወቅም። የድምፅ አውታር ካንሰር ገና ሲጀምር ከተገኘ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው። ሲዘገይ ግን ማንቁርቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት፣ ጨረርም ሊጨመር ይችላል። ጨረር ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ታካሚው ሌላ ወረፋ ነው የሚገጥመው።

ማዞርም እንዲሁ ይሳታል። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ለሰከንዶች ክፍሉ የሚዞርባቸው ሰዎች ደም ማነስ ወይም ግፊት ነው ብለው ዓመት ይቆያሉ። ብዙ ጊዜ ግን ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ተንሸራተው ነው። ሐኪሙ ታካሚውን አስተኝቶ ራሱን በተወሰነ ቅደም ተከተል እያዞረ፣ በየአቅጣጫው ግማሽ ደቂቃ ገደማ እየቆየ ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። ያለ መድኃኒት፣ በደቂቃዎች።

ታዲያ ወረፋው ለምን አያልቅም?

ቀላሉ መልስ ስፔሻሊስት አነሰ የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር በጣም ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም ብዙዎቹ አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ ከክልል ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣው ሰው ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ በር ላይ ይገናኛል። ሆኖም ይህ ሙሉው መልስ አይደለም።

ስፔሻሊስት ብቻውን ቀዶ ጥገና አይሠራም። የሰመመን ባለሙያ፣ የቀዶ ጥገና ክፍል፣ ማይክሮስኮፕ፣ መሰርሰሪያ፣ ኢንዶስኮፕ ያስፈልጋል። አንዱ ሲበላሽ ወይም መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ሲዘገይ ሐኪሙ እያለ ቀጠሮው ይራዘማል። መስማት ከተመለሰ በኋላም ኦዲዮሎጂስትና የንግግር ቴራፒስት ከሌሉ ሥራው ግማሽ ይቀራል። መስማት ተስኖት የተወለደ ልጅ በአንድ ወሩ ቢመረመር፣ በሦስት ወሩ ቢረጋገጥ፣ በስድስት ወሩ ድጋፍ ቢጀምር ነው ዓለም አቀፉ ምክር። ድጋፉ መሣሪያም ሊሆን ይችላል፣ የምልክት ቋንቋም። እኛ ጋ ብዙ ልጅ የሚታወቀው "አፍ አልፈታም" ተብሎ ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላው ነው።

መፍትሔው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። አንዱ ወገን ብዙ ስፔሻሊስት በፍጥነት እናሠልጥን ይላል። ሌላው ቁጥሩ ሲጨምር አንድ ሬዚደንት በእጁ የሚሠራው ቀዶ ጥገና ይቀንሳል፣ ወረቀት ያለው ግን እጁ ያልተፈታ ሐኪም ይወጣል ብሎ ይሰጋል። ሦስተኛው አመለካከት ሥራውን ወደ ታች እናውርድ የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ጣቢያ ደረጃ ባለሙያዎች የጆሮና የመስማት እንክብካቤ ማሠልጠኛ አውጥቷል። ኩክ ማውጣት፣ የሚፈስ ጆሮን ማድረቅ፣ ቀላል የጆሮ ሕመምን ማከም፣ ቶሎ መላክ ያለበትን መለየት በነርስና በጤና መኮንን ደረጃ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኦቶስኮፕ ነው፣ ታምቡርን የሚያሳይ በእጅ የሚያዝ መብራት። የኔ ሚዛን ወደዚህ ያደላል። ስጋቱም አለ፦ ክትትል የሌለው የአጭር ጊዜ ሥልጠና ኮሌስቴያቶማውን በጠብታ ለዓመት ሊያስታምም ይችላል። ስለዚህ ሥልጠናው ወደ ስፔሻሊስቱ የሚደውሉበት መስመር ካልተጨመረበት ጉድለት አለው።

ገንዘቡም አለ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሶ ነበር። ብዙ ስፔሻሊስቶች ቀን መንግሥት ሆስፒታል፣ ማታና ቅዳሜ የግል ክሊኒክ ይሠራሉ። አንዳንዱ ይህ የመንግሥቱን ታካሚ ያስረሳል ይላል። ሌላው ያ ገቢ ባይኖር ሐኪሙ አገር ለቆ ይሄድ ነበር ይላል። በመንግሥት ሆስፒታሎች ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሰጠው የግል ክንፍ አገልግሎት ሁለቱን ለማስታረቅ የተዘጋጀ ነው፦ ሐኪሙ ተጨማሪ ገቢ ያገኛል፣ መሣሪያውም ማታ አይቆምም። መክፈል የማይችለው ሰው የቀኑ ወረፋ ላይ መቅረቱ ግን አልተፈታም።

ፍላጎቱ ደግሞ እየጨመረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት 430 ሚሊዮን ሰዎች ለመስማት ችግራቸው ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል፣ በ2050 ቁጥሩ ከ700 ሚሊዮን ያልፋል ብሏል። በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 ከመቶው መከላከል የሚቻል መሆኑንም ጽፏል። የጆሮ ማዳመጫም አለበት፦ ድርጅቱ ጉዳት አያስከትልም የሚለው 80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ድምፅን በሳምንት 40 ሰዓት ነው፣ ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ታክሲ ውስጥ የውጩን ጫጫታ ለመብለጥ ድምፁን የሚጨምር ወጣት ይህን ልክ ማለፉን አያውቀውም።

ዘንድሮ ሕክምና ትምህርት የጀመረ ተማሪ ይህን ስፔሻሊቲ ቢመርጥ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ራሱን ችሎ የሚቆመው ከአስር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያ የሚፈስ ጆሮ ይዞ ጤና ጣቢያ የሚሄደውን ልጅ የምታየው ነርሷ ናት፣ ኦቶስኮፕ ካላት።